የድንጋይ ሽበት በግቢ ንጣፍ ላይ

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ በወጣች ጊዜ በደጋው አገር ያለ የግቢ ንጣፍን የተመለከተ ሰው፥ በድንጋዩ ገጽ ላይ ጥቁርና አመድማ ነጠብጣብ ተዘርቶ ያገኛል። ከሩቅ ሲያዩት የፈሰሰ ሬንጅ ይመስላል። በሳሙናና በመጥረጊያ ቢታጠብም አይለቅም፤ ውሃው ሲደርቅ ነጠብጣቡ እንደ ነበረ ይታያል። በዚህ ሳምንት ስለዚሁ ነገር እንጽፋለን፤ በዚያውም አማርኛ በመማር ላይ ያሉ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችን ለቤትና ለግቢ ሥራ የሚያስፈልጓቸውን ጥቂት ቃላት ያገኛሉ።

አማርኛ ለዚህ ነገር ያወጣለት ስም ያማረ ነው፤ የድንጋይ ሽበት ይለዋል። ድንጋይም እንደ ሰው ዕድሜ ሲጫነው ይሸብታል እንደ ማለት ነውና፥ ስሙን ከነምክንያቱ የያዘ ተማሪ አይረሳውም። ለሰው ሲነገር ግን ያስቀይማልና በሽማግሌ ፊት ባይጠሩት ይሻላል።

የድንጋይ ሽበት አንድ ተክል አይደለም፤ የሁለት ፍጥረታት ማኅበር ነው። አንደኛው ከሻጋታ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው፤ ቤቱን ይሠራል፥ እርጥበትንም ይይዛል። ሁለተኛው አልጌ የሚባለው ረቂቅ አረንጓዴ ፍጥረት ነው፤ እርሱም ከፀሐይ ብርሃን ለሁለቱም የሚሆን ምግብ ያዘጋጃል። በ1860ዎቹ ዓመታት፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ሲሞን ሽቬንደነር የተባለ የስዊስ ሊቅ ይህን በገለጠ ጊዜ ከዘመኑ ሊቃውንት ብዙዎቹ አልተቀበሉትም ነበር። በትምህርት ቤት ኮምጣጣ ነገር ሲነካው የሚቀላውን ሊትመስ የተባለ ወረቀት የምናስታውስ ሁሉ፥ ቀለሙ ከጥንት ጀምሮ ከዚሁ ወገን ይወጣ እንደ ነበር ማወቃችን አይከፋም።

ሽበቱ እልኸኛ የሆነበት ምክንያት ግልጥ ነው። ፈንገሱ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ክሮቹን በድንጋዩ ቀዳዳዎች ውስጥ ይሰድዳል፤ ላይ የምናየው ቅርፊት የአካሉ ከፊል ብቻ ነው። በዐለት ላይ ከሚወጡት አንዳንዶቹ በዓመት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያድጉም፤ ስለዚህ ሊቃውንት የሽበቱን ስፋት ለክተው ድንጋዩ ለአየር ከተገለጠ ስንት ዘመን እንደ ሆነው ይገምታሉ። ብዙ ዓመት የገባውን በአንድ ጧት ለማውጣት የሚቸኩል ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያጠፋው ድንጋዩን ነው። በኃይል ውሃ የሚረጨው መሣሪያም እንዲሁ ነው፤ አፍንጫው ወደ ድንጋዩ ሲቀርብ ላዩን ይልጠውና ያሻክረዋል፤ ሸካራው ገጽ ደግሞ ለሚቀጥለው ሽበት የተመቸ መኖሪያ ይሆናል።

አስቀድሞ ነጠብጣቡ በእርግጥ ሽበት መሆኑን መለየት ይገባል። ውሃ ጠብ ሲደረግበት ሽበት ከሆነ ብዙውን ጊዜ ወደ አረንጓዴ ያደላል፥ ውስጡ ያለው አልጌ ይታያልና። በጥፍር ሲጫር በትንሹ ይላጣል። የወጥ ቅባት ወይም የመኪና ዘይት ግን ውሃውን ይገፋዋል፤ ለእርሱ የልብስ ሳሙናና ሙቅ ውሃ ነው መድኃኒቱ። የሚያዳልጠው አረንጓዴ ዝልግልግም ከሽበት የተለየ ነው። እርሱ በቀላሉ ይታጠባል፤ ነገር ግን አሮጊት እናትን ከደጃፍ ጥሎ ዳሌ የሚሰብረው እርሱ ነውና፥ ዕለቱን ይወገድ።

ከዚህ ላይ አራት ግሦችን ለይቶ ማወቅ ይጠቅማል። መጥረግ ደረቁን ቆሻሻ በመጥረጊያ ማስወገድ ነው፤ ማጠብ በውሃ ነው፤ መፈግፈግ በብሩሽ ደጋግሞ ማሸት ነው፤ መፋቅ ግን በስለት ልጦ ማንሣት ነው። «ይፈግፍጉት» ሊል አስቦ «ይፋቁት» ያለ ሹም፥ ማታ ሲመለስ ንጣፉ ተጭሮ ቢያገኘው ሠራተኛውን አይቆጣ።

ለሥራው የሚበቃው በረኪና ነው። ቃሉ ከጣልያንኛ መጥቶ በአማርኛ ቤተኛ ሆኗል። ዝናብ በማያሰጋበት ቀን፥ ፀሐይ ሳይበረታ፥ ንጣፉ አስቀድሞ ተጠርጎና ታጥቦ ሲጠፈጥፍ፥ አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ ይበጠበጥና መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ይሞከር። የድንጋዩን መልክ ካልለወጠ በነጠብጣቡ ላይ ይፍሰስ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይደርቅ ይቆይ፤ ከዚያ በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ተፈግፍጎ በብዙ ውሃ ይታጠብ። የብረት ብሩሽ አይሆንም፤ በድንጋዩ ውስጥ የሚቀረው ስባሪ ዝጎ ሌላ እድፍ ይወልዳል። በአጠገቡ ያሉ አበቦች አስቀድመው በውሃ ይራሱ፥ በኋላም ይታጠቡ። በረኪና ሲያድርና ፀሐይ ሲመታው ኃይሉ ይደክማልና፥ ከአምና የተረፈው ካልሠራ በሽበቱ አይፈረድበት።

በመጀመሪያው ቀን ጥቁሩ ፈዝዞ ቢቀር የሞተ ቅርፊት ነው፤ መድኃኒት አይደገምበት። አንድ ሁለት ሳምንት ተጠብቆ እንደ ገና ሲፈገፈግ ብዙው ይለቃል።

አሲድ የሚያፈሱ አሉ። አሲድ ሲሚንቶን፥ እብነ በረድንና የኖራ ድንጋይን ይበላል፤ ንጣፉ የነጣ የሚመስለው ገጹ ስለ ሟሟ ነው። የድንጋዩን ባሕርይ ለማወቅ የፈለገ በማይታይ ጥግ ጥቂት ሎሚ ይጭመቅበት፤ ቢንተከተክ ኖራ አለበት ማለት ነው፤ ሎሚውም ወዲያው ይታጠብ።

ይህን ዓምድ እንድንጽፍ ያነሣሣን ዋናው ነገር ግን የድንጋዩ ጉዳት አይደለም። በረኪናና አሲድ ሲገናኙ ክሎሪን የተባለውን ጋዝ ያወጣሉ፤ ይህም በኢፕር ጦር ሜዳ በሚያዝያ ወር 1915፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፥ ወታደሮች የታፈኑበት ያው ጋዝ ነው። በረኪና አሞኒያ ካለበት የመስተዋት ማጽጃ ጋር ሲቀላቀልም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ይወጣል። በብዙ ቤት ንጣፉን የሚፈገፍገው ባለቤቱ አይደለም፤ ከገጠር የመጣች ልጅ ወይም ዘበኛው ነው። በጠርሙሱ ላይ ያለው ጽሕፈት ደግሞ ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው፤ ወይም በረኪናው በባዶ የውሃ ጠርሙስ ተገልብጦ ምንም ጽሕፈት የለበትም። «አልለቀቀም» ብላ ሁለቱን በአንድ ባልዲ ብታፈስ በእርሷ አይፈረድም፤ ያዘዛት ሰው በምታውቀው ቋንቋ አልነገራትምና። ስለዚህ ጠርሙሱ ስሙ ተጽፎበት ከሕፃናት እጅ ርቆ ይቀመጥ፤ የእጅ ጓንትና ቦቲ ጫማም ባለቤቱ ይግዛ። ጋዙ ያሳለው ወይም ዓይኑ የተቃጠለ ሰው ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ዓይኑ ሩብ ሰዓት ያህል በንጹሕ ውሃ ይታጠብ፤ ሐኪምም ይየው። ትንፋሽ የሚያጥረው ከሰዓታት በኋላ ሊሆን ይችላልና፥ «ተሻለኝ» ቢልም አይዘናጉ።

የተናገርነው ሁሉ ለግቢ ንጣፍ ብቻ ነው። የመቃብር ድንጋይ፥ ጽሕፈት የተቀረጸበት ሐውልት፥ የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አሮጌ ግንብ በበረኪና አይነካ። ከመድኃኒቱ የሚቀረው ጨው በድንጋዩ ቀዳዳ ውስጥ ሲደርቅ ይጠጥርና ገጹን ያፈርሰዋል፤ ላሊበላን እንደ መሰለ ከለስላሳ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተፈለፈለ ሥራ ሲሆን ጉዳቱ አይመለስም። እዚያ ሽበቱን የሚያነሣው በሙያው የሠለጠነ ሰው ነው፤ አንዳንዴም እንዲያው ይተወዋል።

ሽበቱ እንዳይመለስ ውሃ የሚቋርበት ቦታ ይደልደል፤ የጣሪያው አሸንዳ የሚያንጠባጥብ እንደ ሆነ ይጠገን፤ ጥላ የሚጥለው ቅርንጫፍ ይቆረጥ፤ የረገፈ ቅጠልም በእርጥብ ድንጋይ ላይ አይደር። የአበባ ማሰሮዎችም ከቦታቸው እየተነሡ ከሥራቸው ይጠረግ፤ ብዙውን ጊዜ አዲሱ ሽበት ጀምሮ የሚገኘው በእነርሱ ዙሪያ ነው።