ጥያቄው የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ ቢልሃርዚያን የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች ሊያጠኑ ዓድዋ ወርደው ነበር። ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎቹ ሞተው አገኟቸው። እንዶድ ልብስ ማንጣቱን አገር ያውቃል። አክሊሉ ግን ገዳዩ እሱ ይሆን ብለው ጠየቁ።

ጥያቄው ለአሥርት ዓመታት አልለቀቃቸውም። ከውጭ የሚመጣው የቀንድ አውጣ መግደያ ኬሚካል ለድሃ አገር ኪስ የሚቀመስ አልነበረም፤ እንዶድ ደግሞ እዚሁ ይበቅላል። ከባልደረባቸው ከዶ/ር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ሲቀበሉ እ.ኤ.አ. 1989 ደርሶ ነበር። ሽልማት ፈላጊ ሰው ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ ከአንድ ቁጥቋጦ ጋር አይከርምም።

ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታንም ያሰራቸው ጥያቄ ከማሳ የመጣ ነው። ወሎንኮሚ ተወልደው በድህነት ያደጉት እኚህ ሰው በአሜሪካው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የተከራከሩት ከአቀንጭራ ጋር ነው። አቀንጭራ የማሽላ ሥር ላይ ተጣብቆ ውኃውንና ምግቡን የሚመጥ አረም ነው። ዘሩ አፈር ውስጥ ዓመታት ተኝቶ ይቆያል፤ የሚነቃው የማሽላው ሥር የሚለቀው ኬሚካል ሲደርሰው ነው። ገበሬው አበባውን ሲያይ ጉዳቱ ከመሬት በታች ተፈጽሟል። ታዲያ አቀንጭራን የማይቀሰቅስ ማሽላ ማግኘት ይቻል ይሆን? ገቢሳና ባልደረቦቻቸው ይህን የኬሚካል ምልክት እየተከታተሉ አረሙን የሚቋቋሙ ዝርያዎች አወጡ፤ እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማት ተሰጣቸው።

እስካሁን ያሉት ምሳሌዎች ለገንዘብ ሰጪ ለማስረዳት ይቀላሉ። በሽታ ይቀንሳል፣ እህል ይጨምራል።

ፕሮፌሰር ዘረሰናይ ዓለምሰገድስ? እ.ኤ.አ. በ2000 የሚመሩት ቡድን አፋር ውስጥ ዲኪካ ላይ የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላትን ሕፃን ቅሪተ አካል አገኘ። ሰላም ተባለች። አጥንቶቿ ከአሸዋ ድንጋይ ጋር ተጣብቀው ነበርና ሳይንቲስቱ በጥርስ ሐኪም መሣሪያ አሸዋውን ቅንጣት በቅንጣት እየፋቁ ዓመታት ቆጠሩ። ግኝቱ በይፋ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ይህ ድካም ማንንም አላጠገበም። ግን ሦስት ዓመት ገደማ ላይ የሞተች ሕፃን የጥንት ዘመዶቻችን ልጆች እንዴት ያድጉ እንደነበር ልትናገር ትችላለች፤ ሰውየውን ወንበር ላይ ያቆያቸው ይህን የመስማት ጉጉት ነው።

በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ግን የምርምር ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ርዕሱን ይዞ ነው። ወጣቱ ተመራማሪ ማስታወቂያውን አንብቦ ጥያቄውን በልኩ ይሰፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ማስታወቂያው ሲቀየር እሱም ይቀየራል። «አገራዊ ቅድሚያ» የሚባለው ነገር አስፈላጊ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም የዓድዋውን ወንዝ በቅድሚያ ዝርዝር ላይ ያሰፈረ ኮሚቴ አልነበረም።

እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ ከምርምር በጀቱ ጥቂቱን ርዕስ ሳይወስን ለወጣቶች ቢመድብ ብዙ አይጎዳም። ማመልከቻው ሁለት ገጽ ይብቃው፤ አመልካቹ ምን እንዳየ፣ የት እንዳየው፣ ለምን ሊተወው እንዳልቻለ ይጻፍበት። ገንዘቡም ለአንድ ዓመት ሳይሆን ቢያንስ ለአምስት ዓመት ይሰጥ፤ እንዶድም ሆነ አቀንጭራ በበጀት ዓመት አቆጣጠር አልተፈቱም።