ፊደልን በገበታ፣ ማባዛትን በጩኸት

ከጥቂት ቅዳሜዎች በፊት ልጆቻችን አማርኛ በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። መምህርቷ በመንገድ ዘግይታ ስለነበር ወላጆች ልጆቹን ተራ በተራ እያጫወትን እንጠብቃት ጀመር። አንድ የ10 ዓመት ልጅ አባቱ አጠገብ ቆሞ የሰባትን ማባዣ ከሰባት ጊዜ አንድ እስከ ሰባት ጊዜ ዐሥራ ሁለት ሳይተነፍስ ወረደው። አባት ደስ አለው፤ እኛም አጨበጨብን። ግድግዳው ላይ የፊደል ገበታ ተሰቅሎ ስለነበር ልጁን «እስቲ ይህ ገበታ ስንት ፊደል አለው?» አልሁት። ልጁ ተጠግቶ ጣቱን «ሀ» ላይ አሳረፈና «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያለ መቁጠር ጀመረ። «ሠ» መስመር ላይ ሲደርስ ቁጥሩ ጠፋበትና እንደገና ከ«ሀ» ተነሣ።

ልጁ የሰባትን ማባዣ ያውቃል፤ ገበታውም ሰባት ዐምድ ነው። ሁለቱ ግን በልጁ አእምሮ ውስጥ አልተዋወቁም። «ሠላሳ ሦስት በሰንጠረዡ ውስጥ የለማ!» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የለም። ነገር ግን ዐሥር መስመር ሰባ ፊደል መሆኑን ልጁ ከአፉ ሳይጠፋ ያውቀዋል። ሦስት ጊዜ ሰባ 210፤ የቀሩት ሦስት መስመሮች 21፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር በድምሩ 231። የጎደለው ሌላ ተጨማሪ ቃል መሸምደድ አልነበረም። የጎደለው ማባዛት ማለት የተደረደረ ነገር መሆኑን ማየት ነበር።

አባቱ ግን በጥያቄዬ አልተደሰቱም። «ወንድሜ፣ እኛም እንዲሁ ነው የተማርነው፤ ምን ጎደለን?» አሉኝ። ይህ ጽሑፍ ለእርሳቸውና እንደ እርሳቸው ለሚያስቡት ብዙዎቻችን የቀረበ መልስ ነው። ክርክሬም አጭር ነው፦ ልጅ ማባዛትን አስቀድሞ በዐይኑ ሊያየው፣ በእጁ ሊነካው፣ ሊጫወትበትም ይገባል፤ በቃሉ የሚይዘው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ቅደም ተከተሉን ገልብጠን ከጩኸቱ እንጀምራለን፤ ብዙ ጊዜም እዚያው እንቀራለን።

የየኔታ ጥበብ

የሚገርመው ይህን ስሕተት በፊደል ላይ አለመሥራታችን ነው። የኔታ ፊደል ሲያስቆጥሩ ዜማው ብቻውን አይበቃቸውም። ልጁ ገበታውን ይዞ፣ በስንጥር እየጠቆመ፣ ዐይኑና አፉ አብረው እንዲሄዱ ይደረጋል። ቅደም ተከተሉን ከለመደ በኋላም ዜማውን ብቻ ይዞ እንዳይሆን ከታች ወደ ላይ፣ ከመሐል ወደ ዳር እያዘዋወሩ ይጠይቁታል። ያየውን ፊደል ካልለየ «ቃሉን ነው እንጂ ፊደሉን አልያዘም» ይባላል። ታዲያ ይህን ያህል የጠነከረ የማስተማር ጥበብ ያለው ሕዝብ ሒሳብ ላይ ሲደርስ ገበታውን ጥሎ ዜማውን ብቻ ለምን ያዘ?

«ፊደል ቆጠርሁ» የሚል ሰው ከቋንቋችን በቀር የት ይገኛል? ሆኖም ከመካከላችን ገበታውን አይቶ ሠላሳ ሦስት ጊዜ ሰባት ነው ብሎ ያሰበ ምን ያህል ነው? ማባዛትን ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ሥዕል ባሕር ማዶ ተሻግሮ መፈለግ አያስፈልግም። በየቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ለተቃራኒው ወገን ተገቢውን መስጠት

በቃል መያዝ ከንቱ ነው እያልሁ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የአራተኛ ዓመት ተማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እስከ 12 ጊዜ 12 ድረስ ያለውን ማባዛት በ25 ጥያቄዎች ይፈተናሉ፤ ለእያንዳንዱ ጥያቄ የሚሰጣቸው 6 ሴኮንድ ብቻ ነው። ለንደን የሚኖሩ አንባቢያን ይህን ፈተና ከነጭንቀቱ ያውቁታል። ከፈተናው በስተጀርባ ያለው ሐሳብ ግን የሚናቅ አይደለም። ክፍልፋይ እያቃለለ ሳለ ሰባት ጊዜ ስምንትን በጣቱ የሚፈልግ ልጅ የዋናው ጥያቄ ክር ይበጠስበታል። ሰንጠረዡ በአእምሮ ውስጥ በቅርብ ሊገኝ ይገባል።

ነገር ግን ፍጥነት የመማር ውጤት እንጂ መንገዱ አይደለም። «እኛ በዚህ ተምረን ኢንጂነርና ሐኪም ሆነናል» የሚለው መከራከሪያም ወንፊቱን ያለፈው ዱቄት ስለ ወንፊቱ ጥሩነት እንደሚሰጠው ምስክርነት ነው። ያላለፈው ማን ነው? በጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት ደግሞ 3.2 በመቶ። ይህን ሁሉ በማባዛት ሰንጠረዥ ላይ ላሳብብ አልፈልግም፤ የመጻሕፍት እጥረት አለ፣ የመምህራን ኑሮ አለ፣ ጦርነት አለ። ሆኖም በ12ኛ ክፍል የሚታየው ክፍተት በ12ኛ ክፍል አልተጀመረም። ልጅ ቁጥርን ትርጉም የሌለው ድምፅ አድርጎ መያዝ የሚጀምረው በሁለተኛና በሦስተኛ ክፍል ነው።

ሥዕሉ ምን ይሠራል?

ባለ 30 እንቁላል ትሪ ውሰዱ። በአንድ በኩል ስታዩት አምስት ረድፍ በስድስት ነው። ዘጠና ዲግሪ አዙሩት፤ ስድስት ረድፍ በአምስት ሆነ። አንድም እንቁላል አልተጨመረም፣ አልተቀነሰም። ይህን አንዴ በእጁ ያዞረ ልጅ ስድስት ጊዜ አምስትንና አምስት ጊዜ ስድስትን ሁለት ጊዜ መሸምደድ አያስፈልገውም። ከ1 እስከ 9 ያለው ሰንጠረዥ 81 መልሶች አሉት፤ ትሪውን ማዞር የገባው ልጅ የሚይዘው 45 ብቻ ነው። አንዲት የእጅ እንቅስቃሴ የሸክሙን ግማሽ ያህል ታወርዳለች።

ሰባት ጊዜ ስምንት የጠፋበት ልጅም ሥዕሉ ካለው አይወድቅም። ሰባቱን ረድፍ አምስትና ሁለት አድርጎ ይከፍላል፤ አምስት ጊዜ ስምንት 40፣ ሁለት ጊዜ ስምንት 16፣ በድምሩ 56። በጩኸት ብቻ የተማረው ግን ዜማው ከተቋረጠበት ከመጀመሪያው መነሣት አለበት። ከ«ሀ» እንደገና እንደ ተነሣው ልጅ መሆኑ ነው።

አንድ እርምጃ እንጨምር። በባለካሬ ደብተር ላይ ቁመቱ 12፣ ወርዱ 13 የሆነ ሬክታንግል ይሣል። ቁመቱን ዐሥርና ሁለት፣ ወርዱን ዐሥርና ሦስት አድርገን በመስመር እንክፈለው። አራት ክፍሎች ይወጣሉ፦ 100፣ 30፣ 20 እና 6። ድምሩ 156። ልጁ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በአልጀብራ ትምህርት ሁለት ቅንፎችን ሲያባዛ የሚያገኘው ይህንኑ ሥዕል ነው፤ የተለወጠው ዐሥር የነበረው ፊደል መሆኑ ብቻ ነው። በሦስተኛ ክፍል የተሣለው ሬክታንግል የዘጠነኛ ክፍልን በር ይከፍታል። ጩኸቱ ግን እስከ ዐሥራ ሁለት አድርሶ ይተወዋል።

ጨዋታ ማድረግም አያስቸግርም። ሁለት ልጆች፣ አንድ ባለካሬ ወረቀት፣ ሁለት የሉዶ ዳይስ፣ ሁለት ባለቀለም እርሳስ ይበቃሉ። አራትና ስድስት የወጣለት ልጅ አራት በስድስት የሆነ ቦታ በቀለሙ ከልሎ በውስጡ 24 ብሎ ይጽፋል። ቦታ እስኪያልቅ ይቀጥላሉ፤ በመጨረሻም የያዙትን ይደምራሉ። ይህን የሚጫወት ልጅ ሳይታወቀው ማባዣውን ደጋግሞ ይለማመዳል፤ ሰንጠረዡም ያለ ጩኸት በቃሉ ይገባል።

ከጩኸት ወደ ድግምት እንዳንሸጋገር

እዚህ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። በስልኮቻችን ላይ የሚዘዋወሩትን ቪዲዮዎች ታውቋቸዋላችሁ። 12ን በ13 ለማባዛት በአንድ አቅጣጫ አንድና ሁለት፣ በሌላው አንድና ሦስት መስመሮች ይሠመራሉ፤ መስመሮቹ የተቋረጡባቸው ነጥቦች ይቆጠራሉ፤ 1፣ 5፣ 6 ይገኛል፤ መልሱ 156። ያምራል። ነገር ግን 97ን በ86 አባዙ ብትሉት ልጁ 224 ነጥቦችን መቁጠር ይኖርበታል። ከሁሉ በላይ፣ የመጀመሪያው ነጥብ መቶን፣ መካከለኞቹ ዐሥሮችን፣ የመጨረሻዎቹ አንዶችን እንደሚወክሉ ካልተነገረው ያየው ሥዕል ሳይሆን ድግምት ነው። ሥዕል የሚጠቅመው ምክንያቱን ሲገልጥ ነው። ምክንያቱን ከደበቀ ሌላ ዓይነት ሽምደዳ ነው።

«ኢትዮጵያዊ ማባዛት» እየተባለ በእንግሊዝኛ የሒሳብ ጽሑፎች የሚታወቀውም ስልት ከዚህ አያመልጥም። ሌሎች የሩሲያ ገበሬዎች ማባዛት ይሉታል፤ የቅርብ ዘመዱም ከክርስቶስ ልደት በፊት 1550 ገደማ በተገለበጠው የግብፁ የአሕሞስ ፓፒረስ ላይ ይገኛል። 13ን በ24 ለማባዛት አንዱን ወገን እያጋመስን፣ ሌላውን እያጠፍን እንወርዳለን፦ 13 እና 24፣ 6 እና 48፣ 3 እና 96፣ 1 እና 192። በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዘን የቀሩትን በቀኝ እንደምራለን፦ 24፣ 96፣ 192፤ ድምሩ 312። እኛ ይህን ሰምተን «አያቶቻችን የኮምፒውተርን ሒሳብ ቀድመው ያውቁ ነበር» ብለን ለወዳጅ እንልካለን። ለልጆቻችን ግን ለምን እንደሚሠራ አናሳያቸውም።

ማሳየት ደግሞ መቀስ ብቻ ይፈልጋል። 13 ረድፍ በ24 የሆነ ባለካሬ ወረቀት ይቆረጥ። ዐሥራ ሦስት እኩል ስለማይከፈል አንዱን ረድፍ ቆርጠን እናስቀምጠው፤ 24። የቀረውን 12 ረድፍ ከመሐል ቆርጠን ጎን ለጎን ብንገጥመው 6 ረድፍ በ48 ይሆናል። እንደገና ብንከፍለው 3 በ96። አሁንም አንድ ረድፍ እናስቀምጥ፤ 96። የቀሩትን ሁለት ረድፎች ብንገጥማቸው አንድ ረጅም ረድፍ፤ 192። ያስቀመጥነውን ስንደምር 312፤ ከወረቀቱ አንዲት ካሬ አልጠፋችም። በቅርስ መኩራት መልካም ነው። ቅርስ የሚሆነው ግን ወደ ልጅ እጅ ሲተላለፍ ነው።

ገንዘባችን ወዴት ይሂድ?

ነገሩ የጓዳ ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልጻፍሁ። እኛ በውጭ የምንኖር ሰዎች በአገር ቤት ትምህርት ላይ በገንዘባችን እየወሰንን ነው። ክፍል እናሠራለን፤ ታብሌትና ላፕቶፕ እንልካለን። በፔሩ ለድሃ ትምህርት ቤቶች በገፍ የታደሉ ላፕቶፖችን ውጤት የመረመረውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኢንተር አሜሪካን ልማት ባንክ ጥናት በሒሳብም ሆነ በቋንቋ ፈተና ላይ ያመጡት ለውጥ አላገኘም። መሣሪያው የማስተማሪያውን መንገድ ካልለወጠ ያው ጩኸት በስክሪን መሆኑ ነው።

በአንጻሩ ሲንጋፖር ከ1980ዎቹ ጀምሮ የሒሳብ ትምህርቷን በሦስት ደረጃ አቆመችው፦ አስቀድሞ የሚዳሰስ ነገር፣ ቀጥሎ ሥዕል፣ በመጨረሻ ምልክት። የሐሳቡ ሥር በአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ በጀሮም ብሩነር ሥራ ውስጥ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1995 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የሒሳብና የሳይንስ ጥናት የሲንጋፖር ልጆች በአራተኛም በስምንተኛም ክፍል ሒሳብ አንደኛ ወጡ። እነዚያ ልጆችም ሰንጠረዡን በቃላቸው ይይዛሉ። የሚይዙት ግን ያዩትን ነው።

«ስልሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ይህ ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ተቃራኒው ነው። በሰሌዳ ላይ የተደረደሩ ነጥቦችን ስልሳ ልጅ በአንድ ጊዜ ያያቸዋል። አንድ እፍኝ ባቄላ ከማንም ቤት ይገኛል። ውድ የሆነው መምህሩን ማሠልጠን ነው፤ ገንዘባችንም መሄድ ያለበት ወደዚያ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የቅዳሜ ትምህርት ቤቶቻችን የፊደል ገበታውን ዐሥር ደቂቃ ለማባዛት ያውሉት፤ ቋንቋውም ሒሳቡም ይጠቀማሉ። ለአገር ቤት ትምህርት የሚያዋጡ ማኅበራት ከእያንዳንዱ የመሣሪያ ልገሳ ጋር የመምህራን ሥልጠና በጀት ይመድቡ፤ ሥልጠና የሌለበትን ልገሳ አይቀበሉ። በምዘናና በሥርዓተ ትምህርት ሙያ ያላችሁ ደግሞ «6 × 7 = ?» ከሚለው ጥያቄ አጠገብ «6 × 7ን በሥዕል አሳይ» የሚል አንድ ጥያቄ እንዲገባ ግፊት አድርጉ። የማይፈተን ነገር አይስተማርም፤ ይህን ከማንም በላይ እናንተ ታውቃላችሁ።

ለእኚያ አባትም የምለው ይህ ነው። ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፤ የሰባትን ማባዣ ሳይሳሳት ወርዶታል። በዚህ ሳምንት ሰንጠረዡን አያስጩኹት። ገበታው አጠገብ ያቁሙትና ዐሥሩን መስመር በወረቀት ጋርደው «ከወረቀቱ ሥር ስንት ፊደል አለ?» ይበሉት። ሳይቆጥር ሰባ ካለዎት ሰባት ጊዜ ዐሥር ምን ማለት እንደሆነ ገብቶታል ማለት ነው።