ከጫጩቷ በፊት የዶሮው ቤት

እንደ ምዕራብ ጎጃም ያሉ ትርፍ አምራች አካባቢዎች በሚገኙበት በአማራ ክልል፣ በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ 100 ሕፃናት 46ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በዚያው ጥናት የሀገር አቀፉ መጠን 38 በመቶ ነበር። ጎተራው ሞልቶ ልጁ የሚቀነጭርበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ግን ስለ ምርትና ምርታማነት በሚደረጉ ውይይቶች እምብዛም አይነሳም፤ እሱም ተላላፊ በሽታ ነው።

የምግብ እጥረትና ተላላፊ በሽታ እየተመጋገቡ ልጅን የሚጎዱ ችግሮች ናቸው። የተመጣጠነ ምግብ ያላገኘ ሕፃን በሽታ የመከላከል አቅሙ ስለሚዳከም፣ ሌላው ልጅ በቀላሉ የሚያገግምበት ተቅማጥ ወይም የሳምባ ምች እሱን ይጥለዋል። ሲታመም ደግሞ የምግብ ፍላጎቱ ይዘጋል፤ ትኩሳቱ ያለ የሌለ ጉልበቱን ይጨርሳል፤ የታመመው አንጀትም የበላውን በወጉ አይመጥም። ኩፍኝ በሰውነቱ ያለውን ቫይታሚን ኤ ስለሚያሟጥጥ ዓይኑ ለጉዳት ይጋለጣል። ከሕመሙ ሲነሳ ከበፊቱ የከሳ ነውና ለቀጣዩ በሽታ ይበልጥ የተመቸ ይሆናል። ኔቪን ስክሪምሾና ሁለት ባልደረቦቹ ይህን አዙሪት እ.ኤ.አ በ1968 የዓለም ጤና ድርጅት ባሳተመው መጽሐፋቸው በስፋት አሳይተዋል። ድርጅቱ ዛሬም ከአምስት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ ከሚደርሰው ሞት ግማሽ ያህሉ ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ መሆኑን ይገልጻል።

ከዚህ አንጻር ሲታይ፣ ደጋግሞ ለሚታመም ሕፃን ምግብ መጨመር ብቻውን በተቀደደ አቁማዳ እህል እንደ መጫን ነው። የግብርናው ዘርፍም ቀዳዳውን የመድፈን ድርሻ አለበት። በኅዳር 2015 ዓ.ም በአርባ ምንጭ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ በየቤቱ ማዕድ ላይ እንዲቀርብ ማለሙ የሚደገፍ ነው። ሽሮና እንጀራ ብቻ ለሚቀርብለት ሕፃን አንድ እንቁላል ትልቅ ነገር ነው። ጥያቄው ያለው እንቁላሉን የምትጥለው ዶሮ የት ታድራለች በሚለው ላይ ነው።

የዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች የሆኑት ዴሪክ ሄዴይና ካሌ ሂርቮነን እ.ኤ.አ በ2016 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን ገጠር መረጃ ፈትሸዋል። ዶሮ ያላቸው ቤተሰቦች ልጆች ቁመት የተሻለ ሆኖ አግኝተውታል። ዶሮዎቹ ሌሊት ከሰው ጋር በአንድ ቤት ሲያድሩ ግን ከልጆቹ ቁመት ማነስ ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል። ነገሩ የሚያስገርም አይደለም። መዳህ የጀመረ ሕፃን በወለሉ ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይከታል፤ በዶሮ ኩስ ውስጥ ያሉ ተህዋስያንም አብረው ይገባሉ። ተህዋስያኑ በየጊዜው የሚገቡበት አንጀት፣ ተቅማጥ ባይታይበት እንኳን ምግብ የመምጠጥ አቅሙ ይቀንሳል።

አርሶ አደሩ ዶሮውን ከቤት የሚያሳድረው ንጽሕናን ስለሚጠላ አይደለም። ውጭ ሸለምጥማጥ አለ፤ ሌባ አለ፤ የደጋው ብርድም አለ። ስለዚህ ችግሩ በምክር ብቻ አይፈታም። ከመሬት ከፍ ያለ፣ በር ያለውና በሌሊት የሚዘጋ የዶሮ ቤት ከአካባቢው እንጨትና ጭቃ ሊሠራ ይችላል። ጫጩት ሲከፋፈል የፈንግል ክትባትና መኖ አብሮ እንደሚታሰብ ሁሉ፣ ማደሪያውም የአቅርቦቱ አካል መሆን አለበት።

በአንጻሩ ንጽሕና ላይ ማተኮር የልጆችን ዕድገት አላሻሻለም የሚል ክርክር ሊነሳ ይችላል። እውነት አለው። በባንግላዲሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ተካሂደው እ.ኤ.አ በ2018 እና በ2019 ውጤታቸው ይፋ የሆነ ሰፋፊ ሙከራዎች፣ መጸዳጃ ቤትና እጅ መታጠብን የመሳሰሉ መሠረታዊ ሥራዎች የልጆችን ቁመት እንዳልጨመሩ፣ የተጨማሪ ምግብ ድጋፍ ግን መጠነኛ ለውጥ እንዳመጣ አሳይተዋል። ይህ ንጽሕና ይቅር ማለት አይደለም። የተሠራው ሥራ ሕፃኑን ከቆሻሻ ለማራቅ በቂ አልነበረም ማለት ነው። የሰው መጸዳጃ ቤት ተሠርቶ የዶሮው ኩስ በወለሉ ላይ ከቀረ፣ ልጁ ከተህዋስያን አልራቀም።

በመሆኑም የልማት ጣቢያ ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ወደ አንድ ቤት በተለያየ ቀን፣ የተለያየ ቅጽ ይዘው መሄዳቸው ሊታሰብበት ይገባል። ጫጩት የሚወስደው አባወራ ወይም እማወራ አስቀድሞ ማደሪያ ማዘጋጀቱ ይረጋገጥ። ከተጣለው እንቁላል ስንቱ ገበያ ወጣ ብቻ ሳይሆን ስንቱ ለሕፃኑ ደረሰ ተብሎ ይጠየቅ። ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ምግብ መከልከል ጉዳቱን እንደሚያባብስ፣ የእናት ጡት እንደማይቋረጥ፣ ከኦአርኤስ ጋር ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንደሚሰጥ፣ ሲያገግምም ለሁለት ሳምንት ያህል በቀን አንድ ተጨማሪ ምግብ እንደሚያስፈልገው ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ይህን ለመናገር የጤና ባለሙያ መሆን የግድ አይደለም፤ የግብርና ባለሙያውም ሊያስተምረው ይችላል።

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም ለማስወገድ ቃል ገብቷል። ቀሪው ጊዜ አጭር ነው። የግብርና ጽሕፈት ቤቶች የሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ ከተሠራጩት ጫጩቶች ቁጥር አጠገብ የተሠሩት የዶሮ ቤቶች ቁጥር ቢሰፍር ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የሚያስፈልገው በኩንታልና በእንቁላል የሚለካው ሥራ በልጁ ቁመትም መለካት እንዳለበት መቀበል ነው።