ሙት ወቃሹ ባል

«ጋሼ፣ ለዚህ ፊልም እንኳ እንከን አይወጣለትም!» አለኝ ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ። የምንጨዋወተው ስለ አልፍሬድ ሂችኮክ «ሬቤካ» ነበር። «እንከን የማይወጣለት ሙት ብቻ ነው» ብዬ ልቀልድበት አሰብኩና ተውኩት። ምክንያቱም በዚህ ፊልም ውስጥ እንከን ሁሉ የሚወጣው ለሟቿ ነው። የእኔም ጠብ እዚሁ ላይ ነው።

ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ1940 የወጣ፣ ሂችኮክ ከእንግሊዝ ተሻግሮ ሆሊውድ የሠራው የመጀመሪያ ሥራው ነው። መነሻው ዳፍኒ ዱ ሞሪየር በ1938 ያሳተመችው ልቦለድ ሲሆን፣ የዓመቱ ምርጥ ፊልም ተብሎ ኦስካር ወስዷል። ላላያችሁት ባጭሩ እነሆ፦ የአንዲት ሀብታም ሴትዮ አጫዋች ሆና የምትኖር ምስኪን ልጅ፣ ሚስቱ ባሕር ላይ የሞተችበትን ባለጸጋ ማክሲም ደ ዊንተርን ሞንቴ ካርሎ ትተዋወቃለች። ታገባዋለች። ማንደርሌይ ወደሚባለው የአባቶቹ ግቢም ትገባለች። ስትገባ ግን ቤቱ አሁንም የሟቿ ነው።

መቼም እውነቱን እንነጋገርና፣ ፊልሙ ያስደንቃል። ሂችኮክ የሬቤካን መልክ አንዴም አያሳየንም። እንዲያም ሆኖ በትራሷና በዕቃዋ ላይ በተጠለፈው የስሟ ፊደል ብቻ ቤቱን ሞልታው እናገኛታለን። አዲሲቱ ሚስት ደግሞ ስም እንኳ የላትም፤ ፊልሙ ተጀምሮ እስኪያልቅ በስሟ የሚጠራት የለም። የቤቱ አዛዥ ወይዘሮ ዳንቨርስ ስትራመድ እምብዛም አትታይም፤ ዞር ሲሉ ቆማ ትገኛለች። ደሞ ያቺ የሸክላ ጌጥ! አዲሲቱ ሚስት ሰብራት ፍርስራሹን መሳቢያ ውስጥ ትደብቃለች። የቤቱ እመቤት ሆና! ጌጡ ሲጠፋ ታዲያ የሚጠረጠረው አሽከሩ ነው። እሷስ ደግ ናትና «እኔ ነኝ» ብላ ታወጣዋለች። ምስጢር ያለበት ቤት እንዴት እንደሚኖር በዚች ትንሽ ነገር አሳይቶናል፤ ትልቁ ይሰብራል፣ ትንሹ ይጠየቃል።

እስከዚህ ድረስ ከተማሪዬ ጋር አንድ ነን። ከዚህ በኋላ ነው የተለያየነው።

ልቦለዱ ውስጥ ማክሲም ሬቤካን ተኩሶ ይገድላታል። ፊልሙ ውስጥ ግን ተደናቅፋ ወድቃ፣ ጭንቅላቷን ተመትታ ሞተች ይባላል። ለምን? ያኔ ሆሊውድ ፊልሞቹን የሚያጣራበት የሥነ ምግባር ደንብ ነበረው፤ ነፍሰ ገዳይ ሳይቀጣ ፊልም ሊያልቅ አይችልም። ማክሲም ደግሞ መቀጣት የለበትም፤ የተጫወተው ሎረንስ ኦሊቪየ ነዋ! ስለዚህ ግድያው አደጋ ሆነ። እንግዲህ ታዘቡ! የቤተሰብ ገመና አወጣለሁ ብሎ የተነሳው ፊልም ራሱ ገመና ሸፋኝ ሆኖ አረፈው።

ደሞስ ይህን ሁሉ የሚነግረን ማነው? ባልየው ብቻ። እሱ ሲተርክ ካሜራው ባዶውን ክፍል እየዞረ ሬቤካ የተቀመጠችበትን፣ የተነሳችበትን ይከተላል። ጥበቡ ድንቅ ነው፤ ፍርዱ ግን የአንድ ወገን ነው። እኛ አገር ሰው የሟችን ክፉ ሊያወራ ሲል «ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ብሎ ይጀምራል። ማክሲም ይቺን እንኳ አላላት። አዲሲቱ ሚስትም ሬሳ መደበቁን ስትሰማ ጎልቶ የተሰማት አንድ ነገር ነው፦ ለካ ሬቤካን አይወዳትም ነበር! እኛም አብረናት እፎይ እንላለን።

«ጋሼ፣ በአደጋ ከሞተች እሱ ምን ጥፋት አለበት?» አለኝ ልጁ። ምንም እንኳ ማክሲም ራሱ ሳይመታት እንዳልቀረ ቢናገርም፣ ይሁን፣ አደጋ ነው እንበል። ሬሳዋን ጀልባ ውስጥ ከቶ ጀልባዋን ያሰጠመው ማነው? ባሕር የተፋትን የሌላ ሴት ሬሳ «ሚስቴ ናት» ብሎ በቤተሰቡ መቃብር ያስቀበረውስ?

እዚች ሴት ላይ ቆም በሉልኝ። ማን ናት? ከየት መጣች? ስትጠፋ የፈለጋት እናት አልነበራትም? የሬቤካ እውነተኛ ሬሳ ሲገኝ ሁሉም የሚጨነቀው ሬቤካ እንዴት ሞተች በሚለው ብቻ ነው። ያቺኛዋን መልሶ የሚያነሳት የለም። ፊልሙም ረሳት፤ ኦስካር የሰጡትም ረሷት። አዲሲቱ ሚስት ስም የላትም፤ ሬቤካ ስም አላት፣ አንደበት የላትም፤ ያቺ ምስኪን ግን ስምም አንደበትም የላትም፣ መቃብሯ እንኳ በሰው ስም ነው። የሞተ ተጎዳ ማለት ይሄ ነው።

ገመና መሸፈን ደግነት ነው ተብለን አድገናል። እኔም አምንበታለሁ። ግን የተሸፈነው የማን ገመና ነው? መሸፈኛ የሆነውስ ማነው? የማንደርሌይ ክብር የተሸፈነው በድሃ ሬሳ ነው።

መጨረሻው ላይ ዳንቨርስ ቤቱን ለኩሳ እሷም አብራ ትነዳለች። ልቦለዱ ውስጥ ግን የዳንቨርስ መጨረሻ አይነገርም፤ ያቃጠላት ፊልሙ ነው። አንድ ሰው መቀጣት ነበረበትና ሠራተኛዋ ተቀጣች። ማክሲምስ? የቤቴ መቃጠል ለትኋኑ በጀኝ! ቤቱ ቢነድም፣ ስለ ሟቿ የምትከራከረው ሴት አብራ ሄዳለታለች። በ2020 እንደገና የተሠራው «ሬቤካ» ጥይቱን መልሶታል፤ ማክሲም ግን እዚያም ከአዲሲቱ ሚስቱ እቅፍ አልወጣም።

ስለዚህ ፊልሙን እዩት፤ እንዳያመልጣችሁ። እንከን የለውም ለሚላችሁ ሰው ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁልኝ፦ በሬቤካ ስም የተቀበረችው ማን ነበረች? እኔ ልጁን ጠየቅኩት። ብዙ አሰበ። «ጋሼ፣ ሌላ ሴት ነበረች እንዴ?» አለኝ።