ከዳሽቦርዱ ኋላ

አንባቢ ሆይ! ለሐዋሳው ባህል አዳራሽ ወንበር አራግፎ በሚመለስ አሮጌ ፊያት 682 ካሚዮን፣ ሾፌሮቻችን በጣልያንኛው ኤንትሬ በሚሉት፣ ጋቢና ተሳፍረሃል እንበል። ከዳሽቦርዱ ኋላ አንድ ነገር ይንጫጫል። ሾፌሩ ሬድዮ ቢከፍትበት አትታለል፤ ጆሮህን ስጥ።

መኪናው ሲፈጥን የሚፈጥን፣ ሲቆም ጸጥ የሚል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ቅባት የደረቀበት የፍጥነት መለኪያ ገመድ ነው፤ አውጥቶ መቀባት ይበቃል። ጉድጓድ ሲመታ ብቻ የሚንኳኳው የላላ ብሎን ነው፤ እርሱስ ከአሮጌ መኪና ጋር አብሮ ያረጃል።

ነገር ግን ሞተሩ ከጠፋ በኋላም «እስስ» ማለቱ ከቀጠለና የአየር መለኪያው መርፌ ዝቅ እያለ ከሄደ፣ የሚያመልጠው የፍሬን አየር ነው። መጋጠሚያው ሁሉ የሳሙና ውሃ ተቀብቶ አረፋ የሚነፋው ቀዳዳ እስኪገኝና እስኪደፈን ድረስ ቁልቁለት አይወረድም። ሾፌሩ «አይዞህ፣ ለምዶበታል» ቢልህ፣ ሻንጣህን ይዘህ ውረድ።