ከጆሮ እስከ ትከሻ

«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። መከራ በመከራ ላይ ሲደራረብ የምንለው ነው። ነገር ግን በባዮሎጂ መምህር ዓይን ለተመለከተው ተረቱ የአንገትን ካርታ በጥቂቱ ያሳያል። እንቅርት ከፊት ለፊት፥ ከማንቁርት በታች ያብጣል፤ ምራቅ በተዋጠ ቍጥርም አብሮ ከፍ ዝቅ ይላል። ጆሮ ደግፍ ደግሞ ከጆሮ ሥር፥ በመንጋጋው ማዕዘን አጠገብ ያለችውን የምራቅ ዕጢ ያሳብጣል። የአንገትን ጎን ግን ተረቱ ሳይነካው አልፏል። የዛሬው ጨዋታችን ስለዚሁ ጎን ይሆናል።

እስቲ ፊታችሁን ወደ ግራ መልሱና የአንገታችሁን ቀኝ ጎን በጣታችሁ ዳስሱ። ከጆሮ ኋላ ካለችው የአጥንት ጉብታ ተነሥቶ ቍልቍል ወደ ደረት አጥንት ራስ የሚወርድ፥ እንደ ገመድ የጠነከረ ጡንቻ ታገኛላችሁ። ይህ ጡንቻ ለሐኪም የወሰን ድንጋይ ነው፤ የቀረውን ሁሉ ከሱ ፊት፥ ከሱ ሥር፥ ከሱ ኋላ እያለ ይለየዋል። በላዩ አቋርጦ የሚወርደው ደም ሥር ሰው ሲከራከር ወይም ዘፋኝ ድምፁን ሲያነሣ የሚገተረው ነው። (በመምህራን ስብሰባ ላይ ያየሁትን ያህል ሲገተር ግን የትም አላየሁም።)

ከጡንቻው ፊት፥ ከማንቁርት ጎን ባለው ስርጉድ ውስጥ ሁለት ጣት ቀስ አድርጋችሁ ብታሳርፉ የልብ ትርታ ይሰማችኋል። ይህ ካሮቲድ የተባለው ደም ቅዳ ነው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፥ ልብ ከምትረጨው ደም ከመቶ 15 እጅ ያህል ይወስዳል፤ አብዛኛውም የሚያልፈው በግራና በቀኝ ባሉት በነዚህ ሁለት መንገዶች ነው። ደም ቅዳው ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ላይ የደምን ግፊት የሚጠባበቅ ዘብ አለ። ሲጫኑት ግፊት የበዛ መስሎት ልብን ቀስ እንድትል ያደርጋታል፤ ሰውም ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሁለቱን ጎን ባንድ ጊዜ ከቶ አትጫኑ።

ከጡንቻው ወደ ኋላ ያለው ስፍራ ባዶ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከቆዳው ብዙም ሳይርቅ ትከሻን የሚያነሣ ቀጭን ነርቭ ያልፍበታል። እሱ የተቈረጠ እንደሆነ ትከሻ ይወድቃል፥ ክንድንም ወደ ላይ ማንሣት ያስቸግራል።

አንድ ተማሪዬ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የአንገት ልብሱን አያወልቅም ነበር። ጓደኞቹ ዘናጭ እያሉ ይቀልዱበታል። ስለ አንገት ሳስተምር እያንዳንዱ የራሱን እንዲዳስስ ባዝዝ እሱ ብቻ እጁን ሳያነሣ ቀረ። ከደወል በኋላ ጠርቼ ብጠይቀው ፈታልኝ፤ ልክ ያ ነርቭ በሚያልፍበት ስፍራ፥ እንደ ባቄላ ፍሬ ያሉ ሦስት እብጠቶች ተያይዘዋል።

«ጋሼ፥ አያመኝም እኮ» አለኝ። አባቱ በዕረፍት ጊዜ ወደ አገር ቤት ወስደው በምላጭ ሊያስወጡለት አስበዋል።

ከሰውነታችን የንፍፊት ዕጢዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በአንገት ውስጥ ናቸው። ጥርስ ወይም ጉሮሮ ሲታመም ያብጣሉ፥ ያማሉ፤ ሕመሙ ሲድን ይሟሽሻሉ። ሳያም ቀስ እያለ የሚያድግና ከ2 ሳምንት በላይ የሚቈይ እብጠት ግን መመርመር አለበት። ቲቢ የሚይዘው ሳንባን ብቻ አይደለም፤ በአገራችን የዚህ ዓይነቱ እብጠት ምክንያት ብዙ ጊዜ እሱ ሆኖ ይገኛል። እንግሊዛዊው የመዝገበ ቃላት ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን በሕፃንነቱ ይህንኑ ሕመም ታሞ ነበርና፥ በ1712 በፈረንጆች አቈጣጠር ንግሥት አን በእጇ እንድትዳስሰው ወደ ለንደን ተወሰደ። መዳሰሱ አላዳነውም፤ የቢላዋውም ጠባሳ ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም።

የኔ ተማሪ ግን አባቱ እሺ ብለው ሐኪም ዘንድ ቀረበ። በቀጭን መርፌ ተቀድቶ ሲመረመር ቲቢ ሆነ። መድኃኒቱ የ6 ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ጣቢያም ያለ ክፍያ ይሰጣል። በሁለተኛው ወር እብጠቱ ጨመር ቢል ልጁ ተስፋ ቈርጦ ሊተወው ነበር፤ ሐኪሙ ይህ በሕክምናው መካከል የሚያጋጥም ነገር መሆኑን አስረድቶ አስቀጠለው። 6ቱ ወር ሲያልቅ ሁለቱ ጠፍተው ሦስተኛው እንደ ምስር ፍሬ ሆኖ ቀረ፤ ይህም ብቻውን በሽታው አለ ማለት እንዳይደለ ተነግሮታል። የአንገት ልብሱን ግን ዛሬም አላወለቀም። ለካስ ልጁ የእውነት ዘናጭ ኖሯል።