ዓይን የማያየውን በብርሃን
የአዘጋጁ ማስታወሻ

በክረምት የባሮ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ ባለው ረግረግ አየር ባጣ ጭቃ ውስጥ የበሰበሰ ሣር ሚቴን ያወጣል። በበጋ ሣሩ ሲቃጠል ደግሞ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይነሣል። ሁለቱም ቀለምም ሽታም የላቸውም። ነገር ግን እያንዳንዱ ጋዝ የራሱን የብርሃን ሞገድ መርጦ ይውጣል፤ ከብርሃኑ የጎደለው ሲለካ የጋዙ ዓይነትና መጠን ይታወቃል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የመጠቀችው ሴንቲኔል 5ፒ ሳተላይት ሁለቱንም የምትለካው በዚህ ዘዴ ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል የታማሚውን ትንፋሽ የሚከታተለው መሣሪያም ካርቦን ዳይኦክሳይድን በኢንፍራሬድ ብርሃን ይለካል።

በዚህ እትም ስለ ረግረጉ፣ ስለ ጭሱና ስለ ትንፋሽ ምርመራ የተጻፉ ጽሑፎችን አቅርበናል። ከሕዋ የታየው በመሬት ላይ መረጋገጥ አለበት፤ ለዚህም ጋምቤላ መሣሪያውንም ባለሙያውንም ልታገኝ ይገባል ብለን እናምናለን።